የጉንጬ ስብና የአባቴ ፉጨት

ነገሩ የታወቀው አንድ ዓርብ ረፋድ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው። አባቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ለዒድ የሰፋልኝን ባለ ቁም አንገትጌ ቀሚስ አልብሶ ሱቁ በር ላይ አቆመኝና ራቅ ብሎ አየኝ። አንገትጌው ወደ ቀኝ ያዘነበለ መሰለው። ቀሚሱን አስወልቆ፣ አንገትጌውን ተርትሮ እንደገና ሰፋው። መልሶ አለበሰኝ፤ አሁንም ያዘነበለ መሰለው። ለሁለተኛ ጊዜ ሊተረትር መቀሱን ሲያነሳ እናቴ ቁርሱን ይዛለት ደረሰች።

«አንተ ሰው፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«አንገትጌው እምቢ አለኝ።»

እናቴ አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። «አንገትጌው ልክ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ያዘነበለችው ልጅቱ ናት።»

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከቀኝ ጆሮዬ ሥር ጀምሮ እስከ አፌ ጥግ ጉንጬ አብጦ ነበር። አያምም፣ አያተኩስም፤ ሲጫኑት እንደ ቡኮ ይለሰልሳል። መቼ እንደጀመረ ማንም አላስታወሰም። በየቀኑ የሚያዩት ፊት ቀስ እያለ ሲለወጥ አይታወቅም።

ይህን ታሪክ ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ወር ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ ትምህርት ቤት መጣች። የልጁ ጉንጭ እንደ ድሮው የኔ ጉንጭ አብጦ ነበር፤ እብጠቱ ላይ ደግሞ ሁለት ትኩስ የእሳት ጠባሳዎች ነበሩበት። ለእናቲቱ ብዙ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ስለ ጉንጬ ሰው በተሰበሰበበት መናገር ስለማይሆንልኝ ግን በሹክሹክታ ወደ ሐኪም እንድትወስደው ብቻ ነግሬ አሰናበትኳት። የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ደግፍ ነው አለ። በሞቀ አመድ የተሞላ ጨርቅ ከአገጬ እስከ አናቴ ታሰረልኝ። ጆሮ ደግፍ በሳምንት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለቃል፤ የኔ ግን አልለቀቀም። ቀጥሎ ጥርስ ነው ተባለና ምንም ያልሆነ የወተት ጥርሴ ተነቀለ። ከዚያ ክሊኒክ ተወሰድኩ። ጤና ረዳቱ መግል ይሆናል ብሎ በየቀኑ መርፌ ወጋኝ። መርፌው ሲያልቅ እብጠቱ እንደነበረ ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆቹ መቀለጃ አደረጉኝ። ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሆነው «ዘሀራ፣ ጉርሻሽን ዋጪው!» ይሉኛል። አንድ ቀን እቤታችን ወዳጃ ነበር፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጫት እየቃመ ዱዓ የሚያደርግበት ቀን። ውኃ ሳቀርብ አንድ ሽማግሌ ጉንጬን አይተው፣ «ሱብሃነላህ! ይቺ ልጅ ከሁላችን በላይ በጉንጯ ይዛለች» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሽማግሌው ክፋት አልነበረባቸውም፤ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት ስቀርብ ቀኝ ጎኔን ወደ ግድግዳ ማዞር ለመድኩ።

ትልቁ ስህተታችን የመጣው ከትክክለኛው መልስ መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ጤና ረዳቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያየኝ እብጠቱን ቆንጥጦ ይዞ፣ «ይሄ መግል አይደለም፤ ስብ ሳይሆን አይቀርም» አለ። እናቴ እፎይ አለች።

«ስብ ከሆነማ መድኃኒቱ በእጃችን ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤ፣ ወተትና ሥጋ ተከለከልኩ። ወንድሞቼ የሚበሉትን እያየሁ እኔ ሽሮዬን ያለ ቅባት እበላለሁ። አረፋ ደረሰ፤ በጉ ታርዶ ቤቱ ሁሉ ሲበላ እኔ ፊት ቆሎ ተቀመጠ። ክርስቲያን ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጥታ ይህን አየች።

«አንቺ፣ ምን ዓይነት ጾም ነው የያዛችሁት? እኛ እንኳ ሁዳዴን ጾመን እንፈታለን። የዚች ልጅ ፋሲካ መቼ ነው?»

«ስቡ እስኪቀልጥ ነው» አለች እናቴ።

«እሱ ሳይቀልጥ ልጅቱ ቀለጠች!»

እውነቷን ነበር። ክንዶቼ ቀጠኑ፣ ግራ ጉንጬ ጎደጎደ። ቀኙ ግን ንክች አላለም፤ እንዲያውም የቀረው ፊቴ ሲከሳ እሱ ይበልጥ ጎልቶ ወጣ። እናቴ ይህን ስታይ ቅባቱ ገና አልጸዳም ብላ ወጡን ይበልጥ አደረቀችው። ኋላ ሐኪም እንዳስረዳን፣ እንዲህ ያለው እብጠት የራሱ ቤት የሠራ ስብ ነው። ሰውነት ሲራብ የሚያወጣው ስብ ሌላ ነው። ልጅን በማስራብ እብጠቱ አይጠፋም፤ ልጁ ይጎዳል እንጂ።

ጾሙ ባልሠራ ጊዜ አክስቴ ሀሊማ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ይዛ መጣች። እናቴ ሰልችቷት ነበርና እሺ አለች። ብረቱ እሳት ውስጥ ገብቶ ቀልቷል። እኔ ከአክስቴ ጉልበቶች መካከል ተይዣለሁ። አባቴ ረስቶት የሄደውን መነጽር ሊወስድ ተመልሶ ገባ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ለበጎ ነው፣ አንድ ጊዜ ቻል ብታደርገው ያልቃል» አለች አክስቴ።

አባቴ ብረቱን አየ፣ እኔን አየ። «ሀሊማ፣ የተቀደደ ጨርቅ አምጪልኝ፣ እጥፈዋለሁ። የተቃጠለ ጨርቅ ግን መልሼ ሰፍቼ አላውቅም። ልቀቂያት።»

አክስቴ ተቆጥታ ሄደች። እናቴም ለብዙ ቀን አባቴን በሙሉ ዓይኗ አላየችውም። «እኔ ዝም ብዬ የማያት መሰለህ?» ስትለው ሰምቻለሁ። ሁለቱም ስለ እኔ ፈርተው ነበር፤ የፍርሃታቸው መንገድ ግን ለየቅል ነበር።

ከዚያ እኔና አባቴ ደሴ ሄድን። እዚያ ያየኝ ሐኪም እብጠቱን በሁለት እጁ እየዳበሰ ብዙ ቆየ። በልጅ ፊት ላይ እንዲህ ያለ የስብ እብጠት እምብዛም እንደማይታይ፣ ካንሰር እንደማይመስለው፣ ነገር ግን ቦታው አስቸጋሪ በመሆኑ አዲስ አበባ መሄድ እንዳለብን ነገረን።

ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ ከአገር አገር ለመሄድ የቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ የአባቴ የድሮ ደንበኛ ነው። ቢሮ ውስጥ ፊቱን አኮሳትሮ «ጓድ ሰይድ፣ የጉዞው ዓላማ ይገለጽ» አለው። ማኅተሙን መትቶ እስከ በሩ ሲሸኘን ደግሞ አባቴን ትከሻውን ያዘው። «ሰይዶ፣ አብሽር። አላህ ያሽርልህ። ሱሪዬን ግን ሳትጨርስ እንዳትሄድ።»

አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ብዙ ቀን እዚያ ላይ ዋልን። ስም ይጠራል፣ የኔ አይደለም፤ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አጠገቤ አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ያለባት የባቲ ሴት ትቀመጥ ነበር። ቀኝ ጉንጬን በነጠላዬ ስሸፍን አየችኝ።

«ምን ትደብቂያለሽ? እኔን እዪኝ፣ ይሄን ይዤ አምስት ወልጃለሁ» አለችና ከዳቦዋ ቆርሳ ሰጠችኝ። ከቤት ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላዬን ከፊቴ ያወረድኩት ያኔ ነው።

ተራችን ደረሰ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። እብጠቱን ከውጭም፣ ጣቱን አፌ ውስጥ አስገብቶም መረመረው። ከዚያ ማዘዝ ጀመረ።

«ግንባርሽን ቋጥሪ። ጎበዝ። ዓይንሽን ጠበቅ አድርገሽ ጨፍኚ። ጥርስሽን አሳዪኝ። ጉንጭሽን ንፊ። አሁን ደግሞ አፏጪልኝ።»

አባቴን አየሁት። አባቴ ወለሉን አየ።

«አልሰማችኝም?»

«ሰምታለች ዶክተር» አለ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ነገር ግን እኛ ዘንድ ሴት ልጅ አታፏጭም። ቤት ውስጥ ማፏጨት ሰይጣን ይጠራል ብዬ የከለከልኳትም እኔው ነኝ።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ወንበሩን ወደ አባቴ አስጠጋ። «ስቡ ባደገበት ቦታ ፊታችንን የሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ያልፋሉ። ከጆሮ ሥር ወጥተው ወደ ዓይን፣ ወደ አፍንጫ፣ ወደ ከንፈር ይበተናሉ። ወደ ከንፈር የሚሄደው ቢቆረጥ አፏ በዚህ በኩል አይገጥምም። ስትጠጣ ይፈስባታል፤ ስትስቅ ግማሽ ፊቷ ብቻ ይስቃል።»

«ምን ያህል ይወፍራሉ?»

«እርስዎ ከሚሰፉበት ክር የቀጠኑ አሉ።»

አባቴ የራሱን ጣቶች ተመለከተ። «ቢተውስ?»

«አይገድላትም። ግን እያደገ ነው፤ አፏን ወደ ታች መጎተት ጀምሯል። የምቆርጠው ከጆሮዋ ፊት ባለው እጥፋት ላይ ነው፤ ጠባሳው እዚያ ይደበቃል።»

«በጎን ስፌት ውስጥ እንደ መደበቅ።»

«እንደሱ። ግን ዛሬ ማፏጨቷን ካላየሁ፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቢያቅታት በምን ልለየው? እኔ ጎድቻት ይሁን፣ ድሮም አትችል እንደሆን? ሰኞ ፉጨት ተምራችሁ ኑ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በፊት ማንም ትልቅ ሰው ስለ ጉንጬ እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «አባ፣ ጉርሻው ይውጣ» አልኩ።

ከሆስፒታሉ ግቢ ጽድ ሥር ተቀመጥን። አባቴ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ከንፈሩን አሞጠሞጠና አፏጨ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ አፍ ፉጨት ሰምቼ አላውቅም፤ ደግሞም ዝም ብሎ ፉጨት አልነበረም፣ አምባሰል ነበር፤ እየተሳበ የሚወርድ፣ ሆድ የሚያባባ።

«ከየት ቻልከው?»

ትንሽ አፈረ። «እናትሽ አምባሰል አይደል ያደገችው? ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እኔ ከገደሉ ሥር ሆኜ በፉጨት እጠራት ነበር።»

«እንግዲያ ሰይጣኑ አንተ ነበርክ ማለት ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እግራቸው በጀሶ የታሰረ አንድ አዛውንት ከማዶ ተጣሩ፤ «ወይ ወሎዬ! ሰው አዲስ አበባ ለሕክምና ይመጣል፣ አንተ ልጅህን ፉጨት ልታስተምር መጣህ?»

«የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ አባት» አለ አባቴ።

የኔ ፉጨት ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። ሰኞ ሐኪሙ ፊት ደገምኳት። «በቃ፣ ፉጨቷ አለች» አለና መዝገቡ ላይ ጻፈ።

ስለ ቀዶ ጥገናው የማስታውሰው ትንሽ ነው። ቀዝቃዛ ኮሪደር፣ ፊቴ ላይ የተደረገ ሽታው የሚከብድ ጭምብል፣ ከዚያ ጥም። በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ፈቶ ቁስሉን ሲያይ አባቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ስፌትዎ ያምራል፣ ዶክተር። ክሩን ብቻ ከጨርቁ ቀለም ጋር አላስማሙትም።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ይወጣል እኮ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ዘሀራ፣ ፉጨቷን።»

ከንፈሬን አሞጠሞጥኩ። ትንፋሹ በቀኝ በኩል ሾልኮ ወጣ። ደግሜ ሞከርኩ። ግራው ይሰበሰባል፤ ቀኙ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስል ዝም ብሎ ተኝቷል። አባቴ መነጽሩን አወለቀ።

«አልቆረጥኩትም» አለ ሐኪሙ። «በዓይኔ እያየሁት ነው ስቡን ከላዩ የለየሁት። ግን ጎትቼዋለሁ። የተጎተተ ነርቭ ይተኛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይነቃል። ወራት ሊወስድ ይችላል።»

«ባይነቃስ?»

«ያኔም እውነቱን እነግርዎታለሁ።»

በሆስፒታል የፈራሁት ያን ማታ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ በጣቴ የአፌን ጥግ እየገፋሁ ቦታው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ጣቴን ሳነሳ ይወርዳል። ነርሷ ስታልፍ አየችኝ። ጣቴን ይዛ ብርድ ልብሱ ውስጥ አስገባችልኝ።

የላቦራቶሪው ውጤት ከመሄዳችን በፊት ደረሰ። ስብ ብቻ ነው፤ ካንሰር የለበትም። በሕክምና ስሙ ሊፖማ ይባላል። አባቴ «አልሀምዱሊላህ» አለ፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የማስበው ስለ ከንፈሬ ነበር።

ሐይቅ ስንደርስ እናቴ ጉንጬን በመዳፏ ዳሰሰችው። ልስልስ ያለው ነገር የለም። እልል ልትል አፏን ስትከፍት ፈገግ አልኩላት፤ ግማሽ ፊቴ ብቻ ፈገግ አለ። እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። «ያረቢ፣ ጉንጯን ሰጥተውኝ አፏን ወሰዱብኝ!» አክስቴ ሀሊማም ብያችሁ ነበር ለማለት አልዘገየችም። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መስታወት ነበር፤ አባቴ እሱን በቁመቴ ልክ ዝቅ አድርጎ ሰቀለልኝ።

ሐኪሙ ያዘዘኝን እዚያ መስታወት ፊት እሠራ ነበር። ጉንጭ መንፋት፣ ጥርስ ማሳየት፣ ከንፈር ማሞጥሞጥ። ደሴ ያለው ሐኪምም በየጊዜው ያየኝና «ቀጥይ፣ አትሰልቺ» ይለኛል። መስታወቱ ግን ሁልጊዜ እውነት አይናገርም፤ ሰው ማየት የሚፈልገውን ያያል። እውነቱን የሚነግረኝ ውዱዕ ነበር። ለሰላት ስታጠብ አፌን ውኃ ሞልቼ ስጉመጠመጥ ውኃው በቀኝ በኩል ይፈስና አንገትጌዬን ያርሰዋል። እናቴ ከጓዳ ሆና አንገትጌዬን ታያለች። ደረቅ ነጠላ ታቀብለኛለች። ቅቤው ግን ተመልሶ ነበር፤ ያን ክረምት ምን ያህል ቅቤ እንዳበላችኝ እትዬ ዘነቡ ትመስክር። «ፋሲካሽ መጣ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ልጃቸው ከቀዶ ጥገና በኋላ ሳይስቅ የቀረባቸው ወላጆች ካሉ፣ ይህ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው መሆኑን አውቃለሁ። እብጠቱ ወጥቶ ደስታው ግን ገና አልደረሰም። ሐኪሙ ነርቩ አልተቆረጠም ካላችሁ ታገሡ፤ መልመጃውን አታቋርጡ። ከሁሉም በፊት ደግሞ፣ ገና ቢላዋ ሳይነሳ፣ ምን እንደሚወጣ ብቻ ሳይሆን ምን ሊጎዳ እንደሚችልም ጠይቁ። እኛ ጠይቀን ስለነበር በኋላ ሐኪሙን አልተጠራጠርነውም። እብጠቱ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ለዓመታት በየጊዜው ታይቻለሁ፤ አልተመለሰም። ጠባሳዬን ያየ ሰው የጆሮዬ እጥፋት ይመስለዋል።

ክረምቱ አልፎ፣ የሐይቁ ዳር ማሳ ጤፍ ቢጫ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ለመግሪብ፣ ለምሽቱ ሰላት፣ ስታጠብ አፌን ውኃ ሞላሁ። ተጉመጠመጥኩ። ጠበቅኩ። ውኃው አልፈሰሰም። ቀና ስል እናቴ ደረቅ ነጠላ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አንገትጌዬን በእጇ ነካችው። ደረቅ ነው። ነጠላውን ፊቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

«ለአባትሽ ልንገረው?» አለችኝ ቆይታ።

«እኔ እነግረዋለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማልጄ ተነስቼ ሱቁ ሄድኩ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ስፒል በከንፈሩ ይዞ፣ የሰው ኮት ላይ አጎንብሷል። በሩ ላይ ቆምኩ። መንገዱ ሰው ይበዛበታል፤ ቀኝ ጎኔ ወደ መንገዱ ነበር። ከንፈሬን አሞጠሞጥኩና ከአምባሰሉ የማውቃትን ያህል አፏጨሁ።

የስፌት መኪናው ቆመ። አባቴ አልዞረም። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ እያወጣ ኮቱ ላይ ሰካቸው።

«ማነው» አለ፣ ድምፁ ትንሽ ተሰብሮ፣ «ጠዋት በጠዋት ሰይጣን የሚጠራው?»

ደገምኩት።